ያልገጠመው ቴስታታ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? አክስቴና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ አርፌ አልተቀመጥኩም፤ አባዬ ጓሮ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ብድግ እያልኩ በመስኮት አያለሁ።

አዎ፣ የመኪናችን ሞተር ተነሳ። ተቀይመሽ ወደ አክስቴ ከሄድሽ ወዲህ አባዬ ከዚያች አሮጌ መኪና ሥር አልወጣም። እኔም ከሥራ ስመለስ ቱታ ለብሼ አግዘዋለሁ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቆ ስለነበር ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሌላ መርጦ አመጣ። ፒስቶኖቹን አስቀድሞ ቀይሯቸዋል፤ አዳዲስ ናቸው፣ አናታቸው ጎበጥ ያለ። ቴስታታውን በናፍጣ ሳጥብ ታዲያ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየሁት። ለጠፍጣፋ ፒስቶን የተሠራ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ ከኛ ፒስቶን ጋር አይሄድም" አልኩት።

"ለይቼ ነው ያመጣሁት። ይልቅ ብሎኑን አቀብይኝ" አለኝ።

እሱ በዕቃ ምርጫ ሲሳሳት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ቴስታታው ላይ ያለው ቫልቭና ከሥሩ የሚመላለሰው ፒስቶን ከተጋጩ ሞተሩ እዚያው አለቀለት ማለት ነው። ለምኜ ለምኜ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በሊጥ እንድንሞክረው እሺ አሰኘሁት። ልጆች የሚጫወቱበትን ሊጥ ከጎረቤት አምጥቼ ፒስቶኑ አናት ላይ ለጠፍኩ፤ ቴስታታውን አሰርነው፤ እሱም ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ አዞረው። መልሰን ስንፈታው ቫልቩ ሊጡን እስከ ብረቱ ድረስ በስቶታል።

"ይኸው፣ እየው" ብዬ አቀረብኩለት።

በጣቱ ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እስቲ ቁጥሩን አንብቢልኝ" አለኝ። አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

"ምኑን?" ስለው "ብቻ አትንገሪያት" አለ። ቃል ገብቼለታለሁና አልነግርሽም።

ሻጩ ዘንድ ክንዴን ይዞ አብረን ሄድን። ሻጩ እያጉረመረመም ቢሆን ለወጠልን። ይኼኛውን በሊጥ ስንሞክረው በፒስቶኑና በቫልቩ መካከል በቂ ክፍተት አለው። ሞተሩ የተነሳ ጊዜ አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ዘፈን አዳመጠው። "እሷ በሰማችው" አለ። አንቺን ነው።

እማዬ፣ ከቤት የወጣሽው የገበያው በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥማችሁ ሰላም ሳይልሽ ስላለፈ ነው። "እንደ ባዳ ቆጠረኝ" ብለሽ ስታለቅሺ እኔም ፈርጄበት ነበር። አሁን አልፈርድበትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እሁድ ጠዋት ሊወስድሽ ይመጣል። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን የሰጠኝ ራሱ ነው።

እስክንገናኝ እሱ ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከመኪናው ሲወርድ ቂሙ ባይወጣልሽም ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። ቀድመሽ አናግሪው፤ ድምፅሽን ይስማ።

ልጅሽ