ተራራ ላይ ላለው ሟች አባቴ

ውድ አባቴ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ ከተራራው ሥር ላለው ባለሱቅ እልከዋለሁ፤ ጨውና ዱቄት ልትገዛ ስትወርድ ይሰጥሃል። እንደ ልማዳችን «እኛ ደህና ነን» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ደክሞኛልና ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልም። እማዬ አንተ ሞተሃል ብላ ታምናለች። ይህን ካመነች ወዲህ እንቅልፍ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ አልፎ አልፎም ትስቃለች። አንተ ደግሞ ለአዲስ ዓመት ልትመጣ ነው አሉ።

መልእክትህን ያመጣችው ያቺ ተራራ ወጪ ሴት የደረቀውን ቀይ ቴምር አስረከበችኝና በር ላይ እንደቆመች፣ «መምህር የን ጉልበታቸው ሌላ የብርድ ወራት አይችልም፤ ወርደው ከቤተሰባቸው ጋር ሊቀመጡ ነው» አለችኝ። «መምህር» ስትልህ ሳቄን ዋጥኩት። እኔ ያደግኩት የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ «ኃላፊው» ሲልህ እየሰማሁ ነው። ያን ጊዜ የጥንቶቹ የሥርዓት መምህራን ወገን ነበርክ። ማዕድ ላይ ፊቱን ወደ በር አድርጎ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ነው፤ አንተ ሳትጀምር ማንም አይጀምርም፤ ሁሉም ቦታውን ካወቀ ቤትም አገርም ይረጋጋል ትለን ነበር። ጡረታ ስትወጣ ወደ ሌሎቹ ሊቃውንት ዞርክ፣ ተራራና ጭጋግ ወደሚወዱት። አትታገሉ፣ አታስገድዱ፣ እንደ ውሃ ሁኑ ማለት ጀመርክ። በዚህ አገር ስንቱ ሹም እንዲሁ ነው፤ ወንበር ላይ ሳለ ሥርዓት፣ ከወንበር ሲወርድ ተራራ። ልዩነቱ ሌሎቹ ተራራውን በሥዕል አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ አንተ የምርህን ሄድክ።

ባሌ ልያንግን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም። የሄድክ ሰሞን ታክሲውን አቁሞ ገባና፣ «አባትሽ ምንም አለማድረግን ለመማር ያን ሁሉ ዳገት ከሚወጡ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ እዚሁ ሶፋ ላይ አስተምራቸው ነበር» አለ። እኔ ሳቅሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ጨርቅ እየቀደደች ነበር፤ ላንተ ጥጥ የተሞላ ካፖርት ልትሰፋ።

ያን ካፖርት ታስታውሰዋለህ? በባለሱቁ በኩል ላከችልህ፤ መለስከው። «ምንም አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገው ሰው ይልበሰው» ብለሃል። አጥባ፣ አንገቱን አሳምራ እንደገና ላከችው፤ እንደገና መለስከው። አንተ ከንብረት ነፃ እየወጣህ ነበር፤ ይገባኛል፣ መጻሕፍትህን አንብቤያለሁ። እሷ የገባት ግን ሌላ ነው። እጇን የመለስክባት መሰላት። ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ይዛ ግቢው በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። መርሳቱ ሲጀምራትም ብዙ ነገር ጠፋባት፤ ይህ ግን አልጠፋባትም። ስትሠራበት የኖረችውን የጥጥ ፋብሪካ ረሳች፣ የእህቷን ሞት ረሳች፣ አንዳንዴም እኔን ሞግዚት ታደርገኛለች። ገበታ ላይ በተቀመጥን ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ አላት። «በርዶት ይሆን?» ትላለች። «የለም፣ ምድጃ አለው» እላታለሁ። ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ደግማ ትጠይቃለች። መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ነው ያደከመኝ፣ አባዬ። ቀን ቀን እሷን ስጠብቅ፣ ሌሊት ደግሞ ተነስታ በሩን እንዳትከፍት ሳዳምጥ፣ እኔም የምጠራበትን ስም የምረሳበት ጊዜ ነበር።

ባለፈው መኸር ለሙታን የብርድ ወራት ልብስ የሚላክበት ቀን ደረሰ። እንደምታውቀው የግቢው ሰው ሁሉ መንገድ መገናኛው ላይ ወጥቶ የወረቀት ልብሱን ያቃጥላል። እማዬ ጭሱን አይታ ተከተለችኝ። አክስት ቻው፣ ያቺ የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ በጠመኔ ክብ አስምራ ለባለቤቷ የወረቀት ሱሪና ኮት እያነደደች ነበር።

«ቻው፣ ይሄ ለማነው?» አለቻት እማዬ።

«ለባለቤቴ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል፣ በዚህ ዕድሜዬ ለወዳጅ?»

«ይደርሰዋል?»

«እስካሁን አልደረሰኝም ብሎ አልከሰሰኝም።»

«መልሶት አያውቅም?»

አክስት ቻው ሳቀች። «እትዬ ሱቺን ደግሞ! የሞተ ሰው ልብስ ይመልሳል እንዴ?»

እማዬ ወደ እሳቱ ጠጋ አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ፤ የተቋጠረ ክር ድንገት ሲፈታ እንደሚሆነው ነው የሆነችው። ጠመኔውን ከአክስት ቻው እጅ ወሰደችና ጎንበስ ብላ የራሷን ክብ አሰመረች፤ ልብሱ እንዲያልፍ አፉን ወደ ደቡብ፣ ወዳንተ ተራራ ከፈተችው። «አንድ ካፖርት ስጪኝ» አለች። አክስት ቻው ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ አየች። «እማዬ፣ አባዬ እኮ አልሞተም» ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አላልኩም። በቃ አላልኩም። እማዬ ካፖርቱን አነደደችው፤ አመዱ ሲበተን «ለበሰው» አለች። ያን ዕለት ማታ ገበታ ላይ ስለ ብርድ አልጠየቀችም። በማግስቱም አልጠየቀችም።

አሁን ፎቶህ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ያ በጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ላይ የተነሳኸው፣ ኮስተር ያልክበት። በየቀኑ አንድ ሳህን ሩዝ ታስቀምጥልሃለች፤ መመገቢያ እንጨቶቹን መሃሉ ላይ ቀጥ አድርጋ ትሰካቸዋለች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ለጨዋታ እንዲህ ብሰካቸው በገበታ ላይ ሞት ጠራሽ ብለህ የቆጣኸኝን አልረሳሁም። ልያንግ ደግሞ ሳህኑን ባየ ቁጥር፣ «ሰውዬው ሞተውም ከኛ በፊት ነው የሚበሉት፤ ኃላፊነት ማለት ይሄ ነው» ይላል። እሷም አብራው ትስቃለች። ስትስቅ መስማት እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅሁት ስሰማው ነው።

አክስት ቻው ግን አልተወችኝም። ደረጃው ላይ አስቁማኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አባት በቁሙ አይቀበርም። እሷስ ታማለች፤ አንቺ ጤነኛዋ ምን ነካሽ? ነውር እኮ ነው!» አለችኝ። ልክ ናት። ካስተማርከን ሥርዓት ሁሉ ትልቁ ወላጅን ማክበር ነው፤ እኔ ደግሞ በሕይወት ላለ አባቴ የሐዘን ገበታ እየዘረጋሁ ነው። እማዬ ስታሸልብ ትተሃቸው የሄድካቸውን መጻሕፍት እያወረድኩ ያነበብኳቸው ለዚህ ነው። የሥርዓት መምህራኑ ለሙት ምግብ ስታቀርብ እፊትህ እንዳለ አድርገህ አቅርብ ይላሉ፤ እማዬ ይህን ከኔም ካንተም አስበልጣ ታደርገዋለች። ነገርን በትክክለኛ ስሙ ጥራውም ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምወድቀው። ሚስቱ ታማ አራት ዓመት ደጇን ያልረገጠ ሰው ስሙ ባል ነው? ያ ሰው ሞተ ብትል ውሸቷ ምን ላይ ነው? ሌላ ሰው የምጠይቀው የለኝም፤ መምህሩ አንተ ነህ።

የተራራዎቹን ሊቃውንት ትምህርት ደግሞ ያገኘሁት እማዬን ሹራብ ሳለብስ ነው። ክንዷን ስትስበው ትታገልሃለች፣ ትነክሳለች። እጅጌውን ይዘህ ዝም ብለህ ከጠበቅህ ግን፣ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ቆይታ ራሷ እጇን ታስገባለች። ሳያስገድዱ ማድረግ ማለት ይሄ ከሆነ እውነት ነው፣ ይሠራል። ወገብን ግን ይቆርጣል። ይህን የትኛውም መጽሐፍህ አልጻፈውም።

መልእክትህ የመጣ ዕለት እውነቱን ልነግራት ሞከርኩ። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ሊመጣ ነው» አልኳት።

«የማን አባት?»

«የኔ ነዋ። ያንቺ ባል። ከተራራው ሊወርድ ነው።»

ባቄላው ከእጇ ወደቀ። «ምን በደልኩት?» አለች። «ልብሱን ልኬለታለሁ። ምግቡንም አላስቀረሁበትም። ሙት የሚመጣው የጎደለው ነገር ሲኖር ነው። ምን ጎደለበት?»

«አልሞተም እኮ፣ እማዬ።»

«እሱስ አልሞተም እንበል። ካልሞተ ለምን ይመልሰዋል?»

ካፖርቱን ማለቷ ነው። ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ባቄላ ለቀምኩ። በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነበር። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች በረዶው ላይ፣ ግቢው በር ጋ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። አቅፌ ሳነሳት ጆሮዬ ላይ፣ «በርዶት ይሆን?» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ከዚያ ለብዙ ቀን፣ ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው፣ እያልኩ መልሼ ቀበርኩህ። ይቅር በለኝ አልልህም። አንተ ብትሆንም ታደርገዋለህ፣ እዚህ ብትኖር።

«አትምጣ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ቤቱ ያንተ ነው፣ ጉልበትህም አባቴ ስለሆንክ የኔ ጉዳይ ነው። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ ብቻዬን አልቻልኩም። ልያንግ ከታክሲው አይወርድም፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ና። ግን በስምህ፣ የን ቦሚን ሆነህ አትምጣ። እማዬን የሚያግዝሽ ሰው ልቀጥር ነው ብያታለሁ። ደስ ብሏታል። «እንዳይሰርቅ ብቻ» አለችኝ፤ ትንሽ አስባ ደግሞ፣ «ሩዝ ይበላ የለ? ሩዝ አለን» አለች።

ፂምህን ሳትላጭ ና፤ እንዲያ ሆነህ አታውቅህም። የምትቀመጠው ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ፣ ለሳህን ማጠቢያው ቅርብ በሆነው ወንበር ነው። ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል ትላለህ አይደል? ተራራ ላይ ምን እንደምትሠራ ዛሬም አልገባኝም፤ ዝቅ ያለው ቦታ እዚህ ነው፤ ሳህን ማጠቢያው አጠገብ። ጠዋት እግሯን በሞቀ ውሃ ታጥባታለህ፤ ቀኝ እግሯን አስቀድም፣ አለዚያ ትቆጣለች። ቤት እንዴት እንደሚጠረግ ታሳይሃለች፤ እንደማታውቅ ሆነህ ተማር፤ ብዙም አትዋሽም። ስለ ባሏም ታወራልሃለች። ፋብሪካው በር ላይ በዝናብ ቆሞ ሲጠብቃት ስለነበረው ልጅ። አንተን ማለቷ ነው። እኔ እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ከሞትክ በኋላ ነው የነገረችኝ። አታቋርጣት፣ አታርማት።

ከብዶህ ትተወው ይሆናል። ተራራው ላይ ብትቀርም አልረግምህም፤ ቴምሩንም በልተነዋል፣ ጣፋጭ ነበር። ከመጣህ ግን አንድ ነገር እፈራለሁ። እየታጠበች ወይም እየበላች ሳለ ድንገት ቀና ብላ በስምህ ትጠራህ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ብልጭታ አንዳንዴ ይመጣባታል። ያን ጊዜ ምን እንደምትመልስላት መጻሕፍትህን ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። እኔን አትጥራኝ። ሌላ ክፍል ብሆንም፣ ተኝቼም ቢሆን አትቀስቅሰኝ። እዚያው ያለህበት ሆነህ አንተው መልስላት።

በሕይወት መኖርህን የማትረሳው ልጅህ፣
ሩይፈን