ፈቃጅ ያጣች መጽሐፍ

ለእናቴ፣

ይህ ወረቀት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሽ እንዲያገኝሽ ተመኘሁ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ይልሻል? መነጽርሽን ዳግመኛ እንዳትረግጪው አደራ። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱን ተዪው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን ወሬ በቃል ከጀመርኩት ግን መካከል ላይ መያዜ አይቀርም፤ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍታችን መጣ። የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ትንተባተባለች። የሚንተባተብ ልጅ ላላቸው ወላጆች የተጻፈች፣ አርባ ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ እንዳለችን ሰምቶ ነው። ከመጋዘን አወጣሁለት። ሌላ ቅጂ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ወረቀቷ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ሥራዬ አሮጌ መጻሕፍትን ስካን ማድረግ ስለሆነ፣ ሌሎችም እንዲያገኟት ኢንተርኔት ላይ ጫናት ብሎ ለመነኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩት።

የሕግ ክፍል ኃላፊያችን ግን አይሆንም አለች። እንዳትጠፋ ስካን አድርገህ አስቀምጣት፤ ለሕዝብ ለመልቀቅ ግን የደራሲዋ ፈቃድ ያስፈልጋል አለችኝ። ሽፋኑ ላይ «አንዲት እናት» ከሚለው በቀር ስም የለም። ባለቤት የላትም እኮ ብላት፣ «ባለቤት የላትም ማለትና ባለቤቷን አላገኘሁም ማለት ለየቅል ነው፤ ሂድና ፈልግ» አለችኝ። ተናደድኩ። ሰውየው ግን ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ በእርሳስ ይገለብጣት ጀመር። ለልጁ ብሎ መገልበጡን ሕጉ አይከለክልም። ግን ስንት አባት እንዲህ ይመላለሳል?

ነገሩ ከነከነኝ፤ ፈላጊ ሆንኩልሽ። ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። የመጽሐፏን ፊደላት ለኅትመት የደረደሩት ፊደል ለቃሚ ግን በሕይወት አሉ፤ ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸው ሄድኩ። ስሜን እስክጨርስላቸው ሳያቋርጡ ጠበቁኝ። መጽሐፏን ሲያዩ እንደ ሕፃን ዳበሷት። አንዲት ወጣት ሴት፣ ቀሚሷን ጨብጦ የማይለቅ ልጅ አስከትላ፣ በእጅ የተጻፈውን አምጥታላቸው ነበር። ስምሽን የት እናድርገው ቢሏት በጄ አላለችም። «ልጁ ነገ ያድጋል፤ ጓደኞቹ አንብበው እንዳይስቁበት፣ እሱም እንዳያፍር» ብላ ነበር አሉኝ። ስሟን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፊቴን ትክ ብለው አይተው፣ «እሱን እንኳ እኔን ሳይሆን እሷን ብትጠይቃት ይሻላል፣ ልጄ» አሉ።

በማግሥቱ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አነበብኳት። እስከዚያ ድረስ ገጿን እንጂ ቃሏን አላየሁም ነበር። «ቃሉ አይሸሽም፣ ቀስ ብለህ ያዘው» ይላል አንድ ቦታ። ይህን ከአንድ ሰው አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ልጁ ሁለት ሻማ ግዛ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ የተላከበት ቀን አለ። ባለሱቁ ፊት ቃሉን አራት ጊዜ ጀምሮ አቋረጠ፤ በአምስተኛው ወጣለት። ሻማውን ይዞ እየፈነጠዘ ተመለሰ። ለካ እናትየው ተከትላው ወጥታ፣ ከግንቡ ጥግ ተሸጉጣ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ ስታዳምጥ ነበር። ከዚያ በአቋራጭ ሮጣ ቀድማው ገባችና፣ እንደማያውቅ ሰው ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ያ ልጅ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ብቻውን የሄደ ይመስለው ነበር። ዓይኗ የቀላውም በሽንኩርቱ።

እማዬ፣ ምንም አልጠይቅሽም። ሆድ ይፍጀው ያልሽውን ሆድሽ ይፍጀው። የፈቃዱን ቅጽ ግን አብሬ ልኬልሻለሁ። የደራሲዋ እውነተኛ ስም እኛ ዘንድ ብቻ ተቀምጦ፣ ሽፋኑ እንደነበረ መቆየት ይችላል ብላኛለች ኃላፊያችን። መፍቀድም መከልከልም የደራሲዋ መብት ነው፤ ብትከለክልም አልቀየማትም። የምታውቂያት ከሆነ አድርሺልኝ። የሰውየው ልጅ ባለፈው ሰኞ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ስሟን ራሷ ተናገረች በያት።

ልጇም አንብቧታል በያት። አላፈረም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ክፉ አይንካሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

ልጅሽ