ለአሪየት የተላከው ሎሚ

ጥር 6፣ ማክሰኞ፤ ማታ 1 ሰዓት ተኩል

መብራት እንደገና ጠፋ። በሻማ ነው የምጽፈው። ሂሳቡን ግማሽ ሠርቼ ተውኩት፤ ላብ ወረቀት ላይ እየተንጠባጠበ እንዴት ይሠራል። እማዬና አሪየት ደጅ ወንበር አውጥተው ያወራሉ። የአሪየት ሳቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ዓሣ ጠብሳልን ነበር፤ ከድርሻዬ በላይ በላሁ። ጥሩ ቀን።

አንተ አዲስ ነህ፣ ምንም አታውቅም። የድሮው ደብተር አልቋል። ስለዚህ ባጭሩ እንተዋወቅ።

እህቴ ቲጂ አምና ታኅሣሥ በወባ ሞተች። አሁን ይህን መጻፍ እችላለሁ። አምና እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። አባዬ ዲማ ነው የሚሠራው፤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ቤት ያለነው እማዬና እኔ ነን። እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ።

አሪየት የቲጂ ጓደኛ ናት። ጓደኛ ማለት ያንሳል። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ የፀጉር ቅባት። ተኮራርፈው ሳይነጋገሩ እንኳ አብረው ነበር የሚሄዱት። አንዴ ቲጂ የአሪየትን ቢጫ ሻሽ ተውሳ አልመልስም ብላ ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ፤ ያን ሳምንት ሙሉ ግን ምሳ ከአንድ ሳህን በሉ። በኋላ መናኸሪያው አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈቱ። ታፔላው ላይ አሁንም የሁለቱም ስም አለ።

አሪየት አኙዋክ ናት፤ እዚሁ ባሮ ዳር የተወለደች። ቤተ ክርስቲያኗም ሌላ ነው። እኛ ከጎሬ የመጣን ነን። ቢሆንም ቲጂ የሞተች ቀን አክስቶቼ ለእሷም ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ አለበሷት። እማዬና እኔ በሙት ዓመቱ ከል አውልቀናል። አሪየት እስካሁን ጥቁር ናት። እማዬ ይህን ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ ከሥጋ ዘመድ በላይ አዘነችልኝ ትላለች።

በየማታው እኛ ጋ ትበላለች። ካልመጣች ቤቱ ዝም ይላል።

ሻማው እያለቀ ነው።


ጥር 11፣ እሑድ፤ ከሰዓት በኋላ

ጥምቀት። ባሮ ዳር ሰው እንደ ጉድ ነበር። ወንዙ ጎድሏል፣ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ጋትሉዋክ አብሮኝ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ነው፣ ኑዌር፣ ከእኔ በሁለት ጭንቅላት ይረዝማል። ታቦቱን ከሰው በላይ አይቶ የት እንደደረሰ ይነግረኛል። አሪየትም መጣች፤ በነጭ ለባሹ መሃል ጥቁሯ ከሩቅ ይታያል።

ብሩክም ከአቦቦ መጣ። ብሩክ የቲጂ ፍቅረኛ ነበር። አልዌሮ ግድብ ሥር፣ ሩዝ እርሻው ላይ የመስኖ ቴክኒሻን ነው። ከቲጂ ጋር በየወሩ ይጣሉ ነበር። ስልክ ይዘጋጋሉ፣ አሪየት ሄዳ ታስታርቃለች፣ ደግሞ ይጣላሉ። ቲጂ ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ ይጠይቀናል። ለእኔ ታላቅ ወንድም ነው።

ዛሬ ለብቻዬ ጠራኝና ሎሚ ሰጠኝ። ለአሪየት ስጣት አለ። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ከጋትሉዋክ ጋር ዓሣ ጥብስ ገዛንና ሎሚውን ዓሣው ላይ ጨመቅሁት። በጣም ይጣፍጥ ነበር።

ሎሚው ከየት እንደመጣ ለጋትሉዋክ ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ። ሰውዬው እዚያው አጠገቧ ቆሞ ለምን በአንተ ይልካል ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በጥምቀት ሎሚ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ጥቁር በለበሰች ሴት ላይ ሎሚ አይወረወርም፤ ለዚህ ነው በእኔ የላከው።

ዓሣውን አልጨረስኩም። ጋትሉዋክ ጨረሰው።


ጥር 13፣ ማክሰኞ

አሪየትን ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ትናንት እራት ላይ ጨው አቀብለኝ አለችኝ፣ በእማዬ በኩል አቀበልኩ። እማዬ ምን ሆነሃል አለች። ፈተና አልኩ።

ተናድጃለሁ። በመጀመሪያ ስለ ቲጂ ነው ብዬ ነበር። የቲጂ ሰው፣ የቲጂ ጓደኛ፣ እንዴት ይሆናል ብዬ። ዛሬ ግን ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሳስበው ቲጂን በደንብ አውቃታለሁ። ብታይ አንድ ቀን ታለቅሳለች፣ በሁለተኛው ቀን የአሪየትን ፀጉር ራሷ ሠርታ ትልካታለች።

እውነቱን ለአንተ ልንገርህ። ከተጋቡ አሪየት አቦቦ ትሄዳለች። የእኔ ነገር እሱ ነው። እራት ላይ እማዬና እኔ ብቻ ተያይተን እንቀራለን።

ሳስበው የሚያጽናናኝ ጥቁሩ ነው። እስከለበሰችው ድረስ የትም አትሄድም።


ጥር 17፣ ቅዳሜ፤ 12 ሰዓት

የሠርግ ወር ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ኩርፊያዬን ትቼ ሄድኩ፤ እማዬ ለአሪየት ምሳ ላከችኝ።

አንዲት ሙሽራ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ነበረች። ካስኩ ተነሳ፣ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ተፈታ፣ አሪየት ልትሠራት እጇን ስትዘረጋ የሙሽራዋ አክስት ያዘቻት። ከል የለበሰች ሴት ሙሽራ አትነካብኝም አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ክፉ ሴት አትመስልም። ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች፤ አሪየት ካልሠራችኝ አልሠራም እያለች። አሪየት ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ለአክስትየዋ በቃል ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ራሷ ሠራች። ግራውን አንሺ፣ ቀኙን ልቀቂ ትላለች አሪየት። አምሮ ወጣ ደግሞ።

ሲሄዱ አሪየት አጠገብ ተቀመጥኩ። ለምን አታወልቂውም፣ ዓመት አልፎ የለም እንዴ አልኳት። እኔ እንኳ አውልቄያለሁ አልኩ።

የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ያዘች። "እኔ አልለበስኩትም። እናንተ ናችሁ ያለበሳችሁኝ።"

አልገባኝም። አስረዳችኝ። አክስቶቼ ሲያለብሷት በእኛ ወግ ለባሹ ራሱ አያወልቅም፣ ዘመድ ነው የሚያስወልቀው ብለዋታል። ራስሽ ካወለቅሽ ሐዘኔ አበቃ፣ ከእናንተ ጋር ጨርሻለሁ ማለት ነው ብለዋታል። በሙት ዓመቱ ዕለት ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። የእማዬን ሻሽ ሲፈቱ፣ የእኔንም ጥቁር ሸሚዝ ሲያስወልቁ ሰምታለች። እጇን አድርቃ፣ ስሟ እስኪጠራ ድረስ በሩ ሥር ቆማ ጠብቃለች።

ማንም አልጠራትም።

እኔ ያን ቀን ምን እንደተባለ አስታውሳለሁ። አንዷ አክስቴ አሪየትስ አለች። ሌላዋ እሷ የእኛ ወግ የለባትም፣ ስትፈልግ ታወልቃለች፣ ብናስገድዳት ነውር ነው አለች። እማዬም እውነት ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ አስበው ነው።

እነሱ እሷን ይጠብቃሉ። እሷ እነሱን ትጠብቃለች።


ጥር 18፣ እሑድ

ለእማዬ አልነገርኩም። ማታ ልነግራት ነበር፤ አሪየት እየሳቀች ገባች፣ ሦስታችን ካርታ ተጫወትን፣ እማዬ አጭበረበረች፣ አልነገርኩም።

ትናንት ያልመጣው ብሩክ ዛሬ መጥቶ ጁስ ቤት ወሰደኝ። ያን ሎሚ ሰጠሃት ወይ አለኝ። ዓሣ ላይ ጨመቅሁት አልኩት። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየደበደበ።

ከዚያ ነገረኝ። ከአሪየት ጋር እንዴት እንደጀመረው አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ቲጂ ሲያወሩ፣ ሲያለቅሱ፣ ስለ ቲጂ ኩርፊያ ሲስቁ። ከዚያ ቲጂን ሳያነሱም ማውራት ጀመሩ። እሱም ደነገጠ፣ እሷም። ባለፈው ወር እንጋባ ብሎ ጠየቃት። መልሷ አንድ ነው፤ ልብሴን አታይም ወይ አለችው። ለቲጂ ብላ እምቢ እንዳለችው ነው የገባው። ከእንግዲህ አላስቸግራትም አለ። እርሻውም ሥራ በዝቷል፣ ቅዳሜ አልመጣም አለ። ትጠላኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አልጠላህም አልኩት። እውነት ነው።

አሪየት ጥቁሩን ለምን እንዳላወለቀች ግን ዋጥኩት። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነገር ነበር። ማንጎ ጁሱን ጠጣሁ። ወደ ሚኒባሱ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። ጎብጧል።


ጥር 24፣ ቅዳሜ

ፊዚክስ ከክፍል ሁለተኛ ወጣሁ። አሪየት ሰምታ ከፀጉር ቤቱ እየዘለለች ወጣች፤ ደንበኛዋን በግማሽ ሹሩባ ትታ። ጋትሉዋክ ከእኔ ስለሚኮርጅ እሱም አምጥቷል። ዋና ሄድን። ባሮ እስከ ደረት ብቻ ነው፤ ለጋትሉዋክ እስከ ወገብ። ደስ ይላል።

ስንመለስ አሪየት የፀጉር ቤቱን ደጃፍ ውሃ ረጭታ፣ ለብሩክ ሁሌ የምታወጣውን ወንበር አውጥታለች። ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች። አንዷን ደንበኛ ጆሮዋን አቃጠለቻት። 11 ሰዓት ላይ ወንበሩን አስገባች። እራት አልበላችም፣ ግን ለእኔ ሁለቴ ጨመረችልኝ።

ጋትሉዋክን ስሸኘው ሁሉንም ነገርኩት። እንዲያዝንልኝ ነበር። አላዘነልኝም።

"ታዲያ ልጅቷን ያሰርካት አንተ ነህ" አለኝ።

አቦቦ ሩቅ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። የእሱ እህቶች አንዷ ኩሌ ስደተኞች ካምፕ፣ አንዷ ከዚያም ማዶ ናቸው። ተድረው ሄዱ ብሎ አለቀሰ፤ አሁን በየበዓሉ ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተው አልጋውንም ምግቡንም ይወስዱበታል። አቦቦን ሩቅ ያልከው እግርህ አጭር ስለሆነ ነው አለ።

ተሰደብኩ። ቀለለኝ።


ጥር 27፣ ማክሰኞ፤ ማታ

ነገርኳት።

እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። አሪየት ገና አልመጣችም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሙሽራዋ፣ አክስትየዋ፣ ወጥ ቤቱ በር። ቢላዋውን አስቀመጠች። የብሩክንም ነገርኳት፤ እሱን ስነግራት አላየችኝም። ከዚያ እኔም አሥር ቀን አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ።

ስለ ብሩክ ትቆጣለች ብዬ ነበር። የያዛት ሌላ ነገር ነው።

"በሩ ሥር ቆማ ነበር? እኔኮ ሳህኑን ጨርሺ አልኳት።"

አለቀሰች። ሽንኩርቱም አለ፣ ግን አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ጎሬ ደወለች። አክስቶቼ በስልክ ተጯጯሁ፤ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ተባባሉ። በመጨረሻ እነሱ እስኪመጡ ልጅቷ አትጠብቅም፣ እናትየው ሻሹን ትፍታ፣ ወንድምየው አዲሱን ያልብሳት ተባለ። ወንድምየው እኔ ነኝ።

ስለ ብሩክ እማዬ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ከቲጂ ጋር እንደተጣላው ከአሪየትም ጋር ከተጣላ የሚያስታርቅ ሰው የለም። እኔ አለሁ አልኩ። እስቲ አይሃለሁ አለችኝ።

ከዚያ ተነስታ የቲጂን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎተተች። ካረፈች ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ሁለታችንም ትንሽ ቆመን አየነው። ቲጂ ቲጂ ይሸታል። ታች፣ ከሁሉም ሥር፣ ቢጫው ሻሽ። አጥፋ አስቀምጣዋለች። ሳትመልስ።

አሪየት ስትገባ ሻንጣውን መልሰን ገፋን። እማዬ ገና ሳትቀመጥ ዓሣውን ሁሉ አሪየት ሳህን ላይ ከመረችው። አሪየት ምን ጉድ ነው ብላ ሁለታችንን አየችን።


የካቲት 1፣ ቅዳሜ፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ጥግ ላይ። ታፔላውን ወልውያለሁ። ዛሬ ለደንበኛ ዝግ ነው።

እማዬ በጠዋት መጣችና አሪየትን የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ በይ አለቻት። አሪየት የሚሠራው የእማዬ ፀጉር መስሏት ማበጠሪያ ፍለጋ ሄደች። እማዬ እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ከኋላዋ ቆማ ጥቁሩን ሻሽ ፈታችው።

የከተማውን ሴት ሁሉ የምትሠራ ልጅ፣ የራሷ ፀጉር ዓመት ከምናምን ማበጠሪያ አልነካውም። መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፣ ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች። እማዬ ይቅር በይኝ ልጄ አለቻት። አሪየት በአኙዋክኛ የሆነ ነገር አለች፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

አሁን እማዬ ፀጉሯን እየፈታች ነው። ትጎትታለች፤ አሪየት በስንት ዘመን ፀጉር ሠርተሽ ነው እማዬ እያለች ትጮሃለች። ይሳሳቃሉ። አዲሱ አረንጓዴ ቀሚስ ወንበሩ ላይ ነው። ቢጫው ሻሽ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ አላየችውም። ስታየው ቲጂን እንደምትሰድባት እርግጠኛ ነኝ።

ለብሩክ ትናንት ደውዬለታለሁ። ቅዳሜ ና፣ ሥራ በዛ የሚባል ነገር የለም አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ወንበሩ ወጥቷል አልኩት። የአራት ሰዓቱ ሚኒባስ ላይ ነው።

እሷ እሺ ትላለች አትልም፣ የእሷ ጉዳይ ነው። ከአሁን በኋላ ልብሴን አታይም ወይ ማለት ግን አትችልም። አቦቦ ከሄደችም ትሂድ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መሄድ እኔም እችላለሁ።

ጠዋት ከገበያ ሎሚ ገዛሁ። ትልቅ፣ ቢጫ። የበላሁበትን ልመልስለት ነው። ጥምቀት አልፏል ይለኝ ይሆናል፣ ይበል። በእኔ መላክ የለም፤ አሁን ራሱ በእጁ…

እማዬ ጠራችኝ። ውሃው ሞቋል፣ የማፈስላት እኔ ነኝ። ሚኒባስም ጥሩምባ እየነፋ ነው፣ ቶሎ መጣ፣ ቢጫውን ሻሽ ገና አላለበስኳ…