ከታደሰ ጋር አንድ ጽዋ

ጥቅምት 6፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬም ቀኑን ሙሉ ቡና መጋዘኑ ሚዛን ላይ። ከሸቤ የመጣ ቡና፣ ያውም እርጥብ። ትከሻዬ አልቋል። ከት/ቤት ከተባረርኩ ወዲህ ኩንታል ማንሳት ነው ሥራዬ። ታገሺኝ ደብተሬ፣ ማማረር ልማዴ ሆኗል።

ስመለስ ጋሽ ዳኜ ከልብስ ስፌት ቤታቸው ጠሩኝ። ቀበሌ ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ የምንሰበሰበው እሳቸው ቤት ነው፤ ሽማግሌያችን ናቸው። እሑድ የጌታ እራት አለ አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኅብስት አልቆረስንም! ታደሰም ይመጣል ሲሉኝ ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ጥቅምት 7

ታደሰ፣ አናጢው። በእምነታችን ምክንያት በአንድ ቀን ነው የተያዝነው። ግራ እጃችሁን አንሱ፣ የአብዮቱን መፈክር በሉ ሲባል ወዲያው አነሳ። ለምሳ ቤቱ ደረሰ። እኔ ስምንት ወር። ቅማሉን፣ ግርፋቱን ነግሬሻለሁ። ስፈታ ምእመኑ አልቅሶ ተቀበለኝ። ጋሽ ዳ. በእጃቸው እግሬን አጠቡኝ። የፊቱን ወንበር ሰጡኝ፣ ይገባኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ታ. ከእኔ እኩል ከአንድ ጽዋ ሊጠጣ? ነገ ለጋሽ ዳ. እነግራቸዋለሁ። ወይ እሱ፣ ወይ እኔ።

ጥቅምት 8፣ ንጋት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታ. ምን ወሰደብኝ? ለምን ይህን ያህል እቃጠላለሁ?

ያልጻፍኩልሽ አለ። ሦስተኛው ወር ላይ ወባ ያዘኝ። መርማሪው ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግራ እጄን አነሳሁ። መፈክሩንም አልኩ። ከእሱና ከአንድ ዘበኛ በቀር ያየኝ የለም። ይፈቱኛል ብዬ ነበር፤ አልፈቱኝም። አምስት ወር ጨመሩብኝ፣ ያንን አምስት ወር ጀግንነት ብዬ ለበስኩት። አፈርኩ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት 11

ጋሽ ዳ. ዘንድ ሄድኩ። በታ. ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ሱሪ ይሰፋሉ። እየተንተባተብኩ የራሴን ነገርኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

"አውቃለሁ" አሉ። "ዘበኛው የሚስቴ የአክስት ልጅ ነው። ሳትፈታ ነው የነገረኝ።"

ታዲያ እግሬን ለምን አጠቡኝ አልኳቸው።

"ቆሽሾ ነበራ።"

ከዚያ ክሩን እንዳስገባላቸው መርፌውን ሰጡኝ። ዓይናቸው ደክሟል።

ጥቅምት 10፣ እሑድ ጠዋት

ዕቁብ ያለን አስመስለን ጋሽ ዳ. ቤት ተራ በተራ እንገባለን። ጎረቤታቸው ሐጂ አባ ራያ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ያዩልናል። ሃይማኖታቸው ሌላ፣ ከእኛ የሚያገኙት ምንም የለ። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቀን አመስግኛቸው አላውቅም።

ዛሬ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ከኋላ ልቀመጥ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ በትሕትናም አንደኛ ልትወጣ ነው ወይ አልኩት ራሴን፣ ሳቄ መጣ። ያገኘሁበት እቀመጣለሁ።

በር ተንኳኳ።

ታደሰ ነው። ከቦሳ ኪቶ ሰፈር ድረስ በእግሩ መጥቷል። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ደጅ ቆሟል፤ ግባ ስለው እምቢ አለ።

"ከአንተ ጋር ከገባሁ አይመልሱኝም ብዬ ነው" አለኝ።

ጫማዬን ሳላስር ነው የምጽፈው። እዚያ እስክንደርስ አልጠብቅም። አሁን፣ ደጅ ላይ፣ መጀመሪያ ለእሱ እናገራለሁ።