የአባባ ሸምበቆ ከቲማቲሙ መሀል

እህቴ ኢብቲሳም፣

የጥፍር ቀለምሽን አትፈልጊው፤ ጨርሼዋለሁ።

የአባባን የዓሣ ማጥመጃ ሸምበቆ ለቲማቲም መደገፊያ ብለሽ ለጎረቤታችን ለየሺ ሰጥተሻት፣ እሷም ለሁለት ቆርጣ ተክላው አገኘሁት። ልብሳቸውን ለሰደቃ ስትሰጪ ዝም አልኩ። ይሄን ግን! ሰውየው ከእማማ አብልጠው ሲያቅፉት የኖሩትን!

ነቅዬ አመጣሁት። ከተሰበረው ጃንጥላሽ ሽቦ የመንጠቆው ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት ሠርቼ በክር አሰርኩበት፤ ክሩ እንዳይፈታ ቀለምሽን ቀባሁት። እሳቸውም ከእማማ እየሰረቁ ነበር የሚቀቡት፤ አላህ ይዘንላቸው። የኒካ ሙሽራ መስሏል። መንጠቆው ትንሹ ነው፤ የቆሮሶ ዓሣ አፍ እንዳንቺ ሰፊ አይደለም።

የእርጎው ዕቃ ውስጥ ያለው ትል ነው። እንዳትጠጪው።

ትናንት የጮህኩብሽ በሸምበቆው ብቻ አይደለም። በመጨረሻዋ ቅዳሜያቸው «ተነስ፣ ሐይቅ እንሂድ» ሲሉኝ፣ አሞኛል ብዬ ተኝቼ ዋልኩ።

አላመመኝም ነበር።

ወፍራሙን ግማሽ ይዤ ሄጃለሁ። ቀጭኑን ላንቺ ሠርቼ በሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ አትንኪው። ከዚያ መርሳ መነኸሪያ የሐይቅ ሚኒባስ አታጪም።

ትሉን ይዘሽ ነይ። እኔ ባዶ መንጠቆ ውኃ ውስጥ ጥዬ እጠብቅሻለሁ።

ኢስሐቅ