ምሳሌ የጎደለው ድርሰት

ይድረስ ለነገረ መለኮት ተማሪው ወንድሜ፤ ከነመጻሕፍትህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የጨርቅ ንግዱ እንደ ነገሩ ነው። እናታችንን ጉልበቷን ተሽሏታል። ትናንት እጮኛህ ሱቅ መጥታ የላክህላትን አሳየችኝ። ደብዳቤ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር ለክፍል የጻፍከው ድርሰት ነው! በአንድ ሥራ ሁለት ሰው ማስደሰትህ መሆኑ ነው፤ እኔ እንኳን እንዲህ አልነግድም። መምህርህ ዳሩ ላይ በቀይ «ከሕይወትህ ምሳሌ ስጥ» ብሎ ጽፎብሃል።

«እትዬ፣ ምሳሌ አጥቶ ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«ተይው፤ ሲያጠና ቤት ቢቃጠልም አይሰማም።»

«እሱንስ አውቄዋለሁ» አለች። ስትወጣም ለሠርጓ ያስቀመጥኩላትን ነጭ ጨርቅ «ገዢ ካገኘሽ ሽጪው» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት በጠራሁት ዋጋ ሳትከራከር ልትወስደው ነበር። «ተሽጧል» አልኳት። ገዢ ለመመለስ ስዋሽ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ፈተናህ ዓርብ ያልቃል ብለሃል። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ አለ። ለዓለም ሁሉ ጸልየህ ስትጨርስ፣ ጊዜ ከተረፈህ ለእኛም ጸልይልን።

ታላቅ እህትህ