ዐይን በመጨፈን ስለሚደርሰው ኮምፖስት

ለተከበሩ የ«ጤናማ አዝመራ» ፕሮጀክት አስተባባሪ
ላስታ

እንደምን ሰንብተዋል? የላስታ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ የመኪናዎም ጎማ በሙጃ መንገድ እንዳይተነፍስ መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልኝ።

አስቀድሜ ከንስሐ አባቴ እንኳ ሸሽጌው የኖርኩትን ጥፋት ልናገር። ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ በማምረት ሞዴል አርሶ አደር ያሰኘኝን ኮምፖስት የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የሠራው በየዓመቱ ለአጨዳ ከቆላ የሚመጣው መሐመድኑር ነው። ባለቤቴ ወለተ ሐና ካረፈች ወዲህ እርሻዬን ያቆመልኝ እሱ ሲሆን፣ የእኔ ድካም ሽልማቱን ስቀበል ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እንግዶች ይዘው መጥተው ኮምፖስቱ መድረሱን በምን እንደማውቅ ሲጠይቁኝ፣ ጨንቆኝ ዐይኔን ጨፍኜ «ልቤ ይነግረኛል» ያልኩትን በመመሪያ አሳትመው ስላደሉን እናመሰግናለን። መሐመድኑር ግን እንጨት ሰክቶ ሙቀቱን ነው የሚያየው። ዛሬ ቀበሌው በሙሉ ፍግ ፊት ዐይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ጎረቤቴ እትዬ አገሬ እንዲያ እንደ ቆሙ ፍየሎቻቸው የተሰጣውን ገብስ ጨረሱት፤ ልባቸው ስለ ፍየሎቹ ምንም አልነገራቸውም።

፪ኛ. «ከሌላ አካባቢ የሚመጡ የእርሻ ሠራተኞችን ማብቃት» ብለው ባዘጋጁት ሥልጠና፣ መሐመድኑር የአካባቢው ነዋሪ አይደለም ተብሎ ከበር መመለሱ ጥንቃቄዎን ያሳያል። እሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ውስጥ ስለ እሱ መብት ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣሁ።

፫ኛ. ይኼኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ከአዳራሹ ስወጣ መሐመድኑር እየሳቀ፣ «አባባ፣ ስለ እኔ ምን አሉ?» አለኝ። እኔም ስለ ለስላሳው አወራሁለት። ለከርሞ ወደዚህ እንደማይመለስም ነገረኝ፤ ያን ጊዜ ሳቁን ትቶ ነበር።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ አጻጻፌን ይታገሡኝ።

በመመሪያዎ ሽፋን ላይ ዐይኑን ጨፍኖ የሚታየው፣
አክባሪዎ ጋሻዬ ሙሉሃብት

ማስታወሻ፦ ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት በተሰበሰበበት እውነቱን ተናገርኩ። መሐመድኑርንም ለምኜ፣ ከእንግዲህ ማሳውን አብረን አርሰን ምርቱን እኩል ልንካፈል በሽማግሌ ፊት ተፈራረምን። ወደፊት እንግዳ ሲያመጡ የሚያስረዳዎት እሱ ነው። እኔን ፍግ ስሸከም ያገኙኛል፤ ለእርስዎም አንድ ትርፍ ቅርጫት አዘጋጅቻለሁ።